«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ አትግቡበት» ሲሏችሁ

ከሐዋሳ የደረሰን ደብዳቤ፣ ጥቂት አሳጥረነው፦

«የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ስፌት ላይ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ። አከራያችን ፊት ለፊት ዋናው ቤት ውስጥ ናቸው። ከእኛ ቀጥሎ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እሱ ባጃጅ ይነዳል፤ እሷ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቡና ታፈላለች። ክፍሎቹ ኮርኒስ የላቸውም፤ ግድግዳው ቆርቆሮው ጋ ስለማይደርስ ሁሉ ነገር ይሰማል። ጠጥቶ በመጣ ቁጥር ይመታታል። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ‹ጎረቤት ድረሱልኝ› ብላ ጮኸች። እኛ በራችንን ቆልፈን የስልካችንን ሙዚቃ ከፍ አደረግን። ጠዋት ቧንቧ ጋ አገኘኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተት አድርጋ ‹በር መታኝ› አለችኝ። ዝም አልኩ። ለአከራያችን ስንነግራቸው ‹የባልና ሚስት ነገር ነው፣ አትግቡበት። ካልተመቻችሁ ቤት ሞልቷል› አሉን። ብንገባ እኛንም ቢመታንስ? ከቤት ብንባረርስ? ፖሊስ ጠርተን ‹ምንም አልሆንኩም› ብትልስ? ብትቀየመንስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣

ሙዚቃውን ከፍ ያደረጋችሁት ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም። ፈርታችሁ ነው። ከቤተሰብ ርቃችሁ በሰው ግቢ የምትኖሩ ሦስት ወጣት ሴቶች ናችሁ። ሰውዬው ሰክሯል። አከራያችሁ ደግሞ በሩን አሳይተዋችኋል። እዚህ ቦታ ላይ ሆኖ የማይፈራ የለም። ግን ያቺ ሴት በዚያ ሌሊት የጠራችው እናንተን ነው። ከናንተ የቀረበ ሰው የላትም። ስለዚህ «ያገባናል ወይ?» የሚለውን እዚህ ላይ እንዝጋው። ያገባችኋል። የቀረው «እንዴት?» የሚለው ነው።

በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ከነበሩት ሴቶች 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም፤ የማንንም እርዳታ አልጠየቁም። እርዳታ ከጠየቁት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ፖሊስ ጋ የደረሱት ጥቂት ናቸው። ጎረቤትሽም አንድ ቀን አፏን ከከፈተች መጀመሪያ የምታንኳኳው በር ያንቺ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ዕለት አንኳኩታለች ማለትም ይቻላል።

በአከራያችሁም ብዙ አትፍረጂ። በዚያው ጥናት ላይ ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ብትከራከረው ወይም አብራው መተኛት እምቢ ብትል፣ ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ባሏ ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ሴቶች ናቸው እንግዲህ። ብዙዎቻችን ያደግነው ይህንን እየሰማን ነው። እሳቸውም ባላቸው ሲመታቸው «ቻይው» ተብለው ኖረው ይሆናል።

ያሉት ነገር ግን በሕግ ፊት አይቆምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ድብደባ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አንቀጽም አለ፤ 575። ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው እያየ፣ ራሱንም ሌላ ሰውንም ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ሲችል አውቆ የተወው ሰው እስከ 6 ወር እስራት ወይም መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። አንቀጹ ላንቺ ጥያቄም መልስ ስላለው ነው። ራስሽን ማግጂ አይልም። እርዳታውም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ስልክ መደወል እርዳታ ነው፤ ሰው መጥራትም እርዳታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የናንተ ሥራ መገላገል ነው፤ ማስታረቅ አይደለም። ጎረቤት ጣልቃ ሲገባ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ገብቶ «ምን ሆናችሁ? ማን ጀመረው?» ይላል። ባል ብሶቱን ይዘረዝራል። ሚስት ደሟን እየጠረገች መልስ ትሰጣለች። አፍታ ሳይቆይ የተመታችው ሴት ተከሳሽ ሆና ቁጭ ትላለች። ማን እንደጀመረው ማወቅ አያስፈልጋችሁም። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ዱላው ዛሬ ሌሊት እንዲቆም።

ጩኸት ስትሰሙ ሦስታችሁም አብራችሁ ውጡ። ብቻዋን የምትወጣ እንዳትኖር። የግቢውን መብራት አብሩ። ተጠራሩ፣ ባልዲ አንኳኩ፣ ሰው እንደነቃ ይሰማ። ሌሎቹንም ክፍሎች ቀስቅሱ። ከዚያ በሯን አንኳኩና ተራ ነገር ጠይቁ። «የሚጣ እናት፣ ቻርጀር አለሽ? ጠዋት ሥራ አለብን፣ ስልካችን ሊዘጋብን ነው።» በዚያ ሰዓት ይሄ ሞኝነት ሊመስልሽ ይችላል። አይደለም። እሱ ለምን እንደመጣችሁ ያውቃል፤ እናንተም እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ። ግን ፊት ለፊት አልተጋጠማችሁትም፤ ስለዚህ እጁን ለማውረድ ሰበብ አገኘ ማለት ነው። ሚስቱን ቤት ዘግቶ የሚመታ ሰው አንዱ የሚተማመንበት ነገር ማንም እንደማይመጣ ነው። ያንን መተማመን ነው የምታፈርሱበት።

በሩ ቢከፈት ደፉን አትለፉ። በመካከላቸው አትቁሙ። እሱን አትስደቡት። «አንተ አውሬ» ብላችሁት ብትሄዱ ለስድቡ ሒሳቡን የምትከፍለው እሷ ናት። ንግግራችሁ ከእሷ ጋር ይሁን፤ «ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ እኛ ጋ ትተኛ፣ አንቺም ነይ አስተኚያት» በሏት። ልጅ ይዛ ከክፍሉ ከወጣች ለዚያ ሌሊት ትልቁ ነገር ተሳክቷል።

ቢላዋ ወይም ጠርሙስ ከያዘ ግን፣ ወይም ጩኸቷ ድንገት ተቋርጦ የዕቃ ድምፅ ብቻ ከተሰማችሁ፣ ቻርጀሩን እርሱት። በር አታንኳኩ። ወደ ውጭው በር ሮጣችሁ እሪ በሉ። እሪታ ሲሰማ ሰው ይወጣል። የሰፈር ጥበቃ ካለ እሱን ጥሩ። ፖሊስ ጋ ደውሉ። ለዚህ ደግሞ የቅርባችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ በደህና ቀን ሄዳችሁ ወስዳችሁ፣ ሦስታችሁም ስልክ ላይ መመዝገብ አለበት። ስትደውሉ «ባልና ሚስት ተጣሉ» አትበሉ፤ እንዲህ ከተባለ «ይታረቃሉ» ተብሎ ሊቀር ይችላል። «ሰው እየተደበደበ ነው፣ ቢላዋ ይዟል፣ ሕፃን ልጅ አለች» በሉና የቦታውን ምልክት ንገሯቸው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። እባካችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። የተደበደበ ፊቷን አገር ያየባት ሴት ነገ ቡና ለማፍላት መንገድ ዳር መቀመጥም ይከብዳታል።

ወደ አከራያችሁ ልመለስ። ከቤት ትባረራላችሁ ወይ? ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽሽም። ለዚህ ነው እንደ አንድ ክፍል ሳይሆን እንደ ግቢ መናገር የሚያስፈልገው። ከሌሎቹ ተከራዮች ውስጥ በዕድሜ ጠና ያለ፣ አከራያችሁ የሚያከብሩት ሰው ፈልጉና አብራችሁ ሂዱ። ክስ አታቅርቡ። «እትዬ፣ እኛ በጣም ፈርተናል። ነገ ሰው ቢሞት የእርስዎ ግቢ ነው። እርስዎ በረንዳ ላይ ወጥተው አንዴ ‹ምንድን ነው?› ቢሉ ያፍራል፤ ቤቱ የእርስዎ ነውና» በሏቸው። እውነትም ነው። ሦስታችሁን ባይፈራ፣ ቤት የሚያስለቅቀውን ሰው ይፈራል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባቸዋለሁ፤ አንቺም አሳስቢያቸው። «በቃ ላስወጣቸው» እንዳይሉ። ብዙ አከራይ ለሰላሙ ሲል የሚወስደው እርምጃ ይሄ ነው፤ ለእሷ ግን ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከዚህ ግቢ ብትወጣ የሚሄዱት ማንም ወደማያውቃት ሌላ ግቢ ነው። ዱላውም አብሯት ይሄዳል። እንደ አንቺ እንቅልፍ የሚያጣላት ሰው ግን እዚያ ላይኖር ይችላል።

ቧንቧ ጋ ዝም ማለትሽን አትጸጸቺበት፤ በሚቀጥለው ግን ዝም አትበዪ። እሱ ባጃጁን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ቡናዋን ገዝተሽ አጠገቧ ተቀመጪ። «ቅዳሜ ሌሊት ሰምተናል። አንቺ ጥፋት የለብሽም። በማንኛውም ሰዓት ብታንኳኪ እንከፍትልሻለን» በያት። ይበቃል። «ምን አድርገሽው ነው?» አትበያት። «ለምን አትተዪውም?» አትበያት፤ ይህንን እሷ ራሷን ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች። «በር መታኝ» ብትልሽ አትከራከሪያት። መስማትሽን ካወቀች ወሬው ራሱ አንድ ቀን ይመጣል። በስልክ መልእክት ግን አትጻፊላት፤ ስልኳን ሊፈትሽ ይችላል።

ስታወራሽ አንድ ነገር ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። «አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?» አዎ ካለችሽ ጉዳዩ ሌላ ደረጃ ላይ ነው። ሚስቱን የሚያንቅ ወንድ ወደፊት ሊገድላት የሚችል ወንድ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሁሉ ከሚፈሯቸው ምልክቶች ዋናው ይሄ ነው። ከውጭ ምንም ምልክት ባይታይም ውስጡ ሊጎዳ፣ ችግሩም ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ማየት አለባት። እርጉዝ ከሆነችም እንዲሁ። «እገልሻለሁ» የሚላት ከሆነም እንደ ስካር ወሬ አትቁጠሩት።

«ውጪ፣ ዛሬውኑ ውጪ» ብለሽ አትገፋፊያት። ለእንዲህ ያለች ሴት በጣም አደገኛው ጊዜ ጥላው ልትሄድ የተነሣችበት ሰሞን ነው። መውጣቷ በዝግጅት ይሁን፤ ቀኑንም እሷ ትምረጥ። እናንተ ማገዝ የምትችሉት ትንሽ በሚመስሉት ነገሮች ነው። መታወቂያዋ፣ የጋብቻ ወረቀቷ፣ የልጅቷ የልደትና የክትባት ካርድ፣ ጥቂት ብር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ተቋጥሮ እናንተ ክፍል ይቀመጥ። ግድግዳው እንዲህ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ተጠቀሙበት፤ ሦስት ጊዜ ከመታች «ሰው ጥሩ» ማለት ነው ብላችሁ ተስማሙ። እናንተ የሌሊት ሺፍት ስትገቡስ? ይህንንም አስቡ። በዚያ ሳምንት ጆሮውን የሚጥል ሌላ ክፍል ይኑር፤ ምልክቱንም ይወቅ።

ስለ ፖሊስ ያነሣሽው ስጋት እውነት ነው። ደርሰው «ምንም አልሆንኩም» ልትላቸው ትችላለች። እሱ ፊት ቆማ ሌላ ምን ትበል? ያም ሆኖ መምጣታቸው ከንቱ አይቀርም፤ የዚያን ሌሊት ዱላ አቋርጧል። በሕጉ ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወይም በመሣሪያ ከተመታች ግን ክሱ የእሷን አቤቱታ አይጠብቅም። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማችሁትን ቃል ደብተር ላይ ጻፉ። ፈቃደኛ ከሆነች ጉዳቷን ፎቶ አንሥታችሁ እናንተ ስልክ ላይ ይቀመጥ። በተመታች ዕለት ሐኪም ጋ ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ብትይዝ፣ ክስ ዛሬ ባትፈልግ እንኳ አንድ ቀን ይጠቅማታል። ጩኸቷን በጆሮሽ የሰማሽው አንቺም ምስክር ነሽ።

ከመምታትም ከመመታትም ቀጥሎ የሚመጣው ሽምግልና ነው። ይህንን ስጽፍ የሚከፉብኝ እንዳሉ አውቃለሁ። በሲዳማም ሆነ በሌላው አገራችን ሽማግሌ ትልቅ ቦታ አለው፤ ስንት ደም ያደረቀ ነገር ነው። የድብደባ ጉዳይ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ሌላ ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እሱ ጉልበት ይስማል። እሷ «ለልጅሽ ስትዪ ቻይው፣ አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ» ትባላለች። ቡና ይጠጣል፤ ታረቁ ይባላል። እሱ ምንም አልከፈለም። እሷ ደግሞ ከአሁን በኋላ ብትጮህ «ታርቀሽ አልነበረም ወይ?» ሊሏት ነው። ዱላ ሁለት ሰው የተጣላበት ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን የጎዳበት ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ ላኩባቸው» ቢሏችሁ አትቸኩሉ። ሽማግሌ የሚያስፈልገው እሱን ፊት ለፊት «እጅህን ሰብስብ» ለማለት፣ ዕቃዋን በሰላም ለማስወጣት፣ ቤተሰቧ ጋ ለማድረስ ከሆነ፣ እሷም ከፈለገች፣ እሰየው። እሷን ሳትጠይቁ ግን ወላጆቿ ጋ እንኳ አትደውሉ፤ መልሰው ወደ እሱ ሊልኳት ይችላሉ።

የምትሄድበት ካጣች ሐዋሳ ውስጥ በር አለ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚያስጠልል ማረፊያ በከተማችሁ አለው። በፖሊስ በኩል ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል መጠየቅ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የስልክ መስመሩ 7711 ነው። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የተከፈተው፣ አለኝታ የሚባለው የስልክ መስመር ደግሞ 6388 ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግራ ሲገባችሁ እናንተም መደወል ትችላላችሁ። ቁጥሮቹን ለእሷ በወረቀት አትስጧት፤ ኪሷ ውስጥ ቢያገኘውስ? እናንተ ጋ ይቀመጡ፤ ስትፈልግ ከናንተ ስልክ ትደውል።

ብትቀየመንስ ብለሻል። ልትቀየም ትችላለች። ምናልባትም «ትዳሬን ልታፈርሱ ነው» ብላ አከራያችሁ ፊት ትቆጣለች። የቤት ኪራዩ፣ ልጇ፣ የሰው አፍ፣ የእሱ ዛቻ፣ ይሄ ሁሉ ነው የሚናገረው። ያኔ «እኛ ምን አገባን ታዲያ» ብላችሁ አትሽሹ። ሰላምታሽን አታቋርጪ፤ ቡናዋንም ከእሷው ግዢ። ልጅቷ ስታለቅስ ተቀበያት። ደብተሩንና የስልክ ቁጥሮቹን አስቀምጪ። ዳግም ጩኸት ብትሰሙ፣ ተቀይማችሁም ቢሆን፣ መብራቱን አብርታችሁ አንኳኩ።